ድምፅና ጭንብል፦ በላሊበሎች ዜማ ላይ አጭር ሒሳዊ ምልከታ

የሚያስፈራ ገጽታ ተላብሶ የሚያዜም ከያኒ ዘመን ሲለወጥ ምን ይዞ ይቀጥላል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ከሚታወቁት ላሊበሎች (ሐሚናዎች) አንጻር እመለከታለሁ። ለንጽጽር እንዲያመች አስቀድሜ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላንሳ።

አሜሪካዊው ቦቢ ፒኬት እ.ኤ.አ. በ1962 «ሞንስተር ማሽ» በተሰኘ የቀልድ ዘፈኑ የአስፈሪ ፊልሞችን ተዋናይ የቦሪስ ካርሎፍን ድምፅ አስመስሎ ታወቀ። በዘፈኑ ውስጥ ጭራቁ ራሱ የወቅቱ ወጣቶች ዳንስ ምርኮኛ ይሆናል፤ ሳቁም የሚመነጨው ከዚሁ ተቃርኖ ነው። ራፕ ሲገን ፒኬት በ1985 ያንኑ ጭራቅ ራፕ አስዘፈነው። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ያህል አልተደመጠም። በእኔ አስተያየት ምቱ ቢታደስም ተቃርኖው የተደገመ ስለ ነበር ነው። ያም ሆነ ይህ፣ ፒኬት ጭንብሉን ባሻው ጊዜ ማውለቅ ይችል ነበር።

ለላሊበሎች ግን ጭንብሉን ያጠለቀላቸው ማኅበረሰቡ ነው። ሳይነጋ ከደጅ ቆመው ያዜማሉ፤ ካላዜሙ በሥጋ ደዌ ይያዛሉ ተብሎ ይታመናል። በማራኪ ከማስተምራቸው የሥነ ቃል ተማሪዎች ብዙዎቹ ትንተናቸውን የሚጀምሩት ከዚህ እምነት ነው፤ አንዳንዶቹም እዚያው ይጨርሳሉ።

ክዋኔውን ስናጤን የምናገኘው ሌላ ነው። ከዋኙ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጠያይቆ በግጥሙ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ወንዱ ግጥሙን ሲያወርድ ሴቷ በዜማ ትቀበለዋለች። ውዳሴው ወደ ልመና፣ ልመናው ወደ ምርቃት ይሸጋገራል። በሚቀጥለው ደጅ ስሙም፣ ውዳሴውም ይለወጣል። ፒኬት በሃያ ሦስት ዓመት ልዩነት የሞከረውን እድሳት ላሊበላ በአንድ ማለዳ ደጋግሞ ይፈጽመዋል።

ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው በ1873 ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1981 የጥምር መድኃኒት ሕክምናን መከረ። በሽታው ዛሬ ይድናል። እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት ቢያጣም ግጥሙ የሚያጣው ነገር የለም፤ ኃይሉ ያለው ስምን ከዜማ በማዋሐድ ጥበቡ ላይ ነውና።

ስለዚህ አጥኚ ከአፈ ታሪኩ በፊት ግጥሙን ይመዝግብ እላለሁ። እምነቱን ሳይመረምር የሚደግም ጥናት ከያኒውን ከጥበቡ ይነጥለዋል፤ በበሽታው የተያዘውንም ወገን ዳግም ያገልላል።