ዋዛና ቁም ነገር በመንግሥቱ ለማ ኮሜዲዎች

መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለመድረክ ያበቃቸው ሁለት ኮሜዲዎች አብዛኛውን ጊዜ «የአሮጌና የአዲስ ግጭት» ተብለው ይታለፋሉ። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የቀልዱን አቅጣጫ ይሰውራል፤ አሮጌው የሚሳቅበት፣ አዲሱ የሚስቀው ያስመስላልና።

«ጠልፎ በኪሴ» የሚለውን ርእስ እንመልከት። ጠለፋ የቆየ ልማድ ነው፤ ኪስ ግን የኮት እንጂ የጋቢ አይደለም። ጠላፊው ኮት ለባሹ፣ የተማረው ከተሜ መሆኑን ርእሱ ገና መጋረጃው ሳይገለጥ ይነግረናል። ሴቲቱም ኪስ እንደሚገባ ዕቃ ተቈጥራለች። በሁለት ቃል ይህን ያህል የሚል ሌላ የተውኔት ርእስ አላስታውስም።

በ«ያላቻ ጋብቻ» ከባላባት ወገን የተወለደው ምሁር ባሕሩ የቤት ሠራተኛውን ለማግባት ሲነሣ አክስቱ ትቃወማለች። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚስቁት በአክስቲቱ ነው (በተማሪነቴ ዘመን እኔም እንዲሁ ነበርሁ)። ዛሬ ሳነበው የሚያሥቀኝ ባሕሩ ነው። አክስቲቱ ያመነችበትን ትናገራለች፤ እርሱ ግን ከባላባትነት መውረዱን እንኳ እንደ ባላባት፣ በገዛ ፈቃዱ ያደርገዋል። የእኩልነቱ ሰጪ እርሱ፣ ተቀባይ ሠራተኛይቱ ናት። «ያላቻ» የሚለው ቃል እንግዲህ የአክስቲቱ ብቻ አይደለም፤ የባሕሩ አኳኋንም ይመሰክርለታል።