ባንሺ፦ ገዳይ ወይስ አልቃሽ?

በአየርላንድ ሥነቃል «ባንሺ» ሞትን ቀድማ የምታረዳ መንፈስ ናት። ስሟ በአይሪሽ ቋንቋ «የጉብታው ሴት» እንደማለት ሲሆን፣ ጉብታው የረቂቃን ፍጡራን መኖሪያ ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው «ዳርቢ ኦጊልና ትንንሾቹ ሰዎች» የተሰኘው ፊልም ግን አስፈሪ ምትሀት አድርጎ አቅርቧታል። ይህ አተያይ የትውፊቱን ፍሬ ነገር ይስታል።

ፓትሪሺያ ላይሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ከሕዝብ የተሰበሰቡ ትረካዎችን መሠረት አድርጎ እንደሚያሳየው፣ ባንሺ አትገድልም፤ ታለቅሳለች። የምትከተለውም ነባር የአይሪሽ ቤተሰቦችን፣ በተለይም ስማቸው በ«ኦ» ወይም በ«ማክ» የሚጀምረውን ነው። ድምፅዋን የሚሰሙት በአብዛኛው ዘመድና ጎረቤት እንጂ ሟቹ አይደለም። የቤተሰቡ አባል በባሕር ማዶ ሲሞት እንኳ በአባቶቹ ቀዬ ታለቅስለታለች። በመሆኑም ጩኸቷ መርዶ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰደደውም ከዘር ሐረጉ አለመቆረጡን የሚመሰክር ነው።

ይህ ባሕርይዋ በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ከሚነገርለት «አንኩ» ጋር ሲነጻጸር ይጎላል። አንኩ ሲጥ ሲጥ በሚል ጋሪ እየዞረ ሙታንን ይሰበስባል፤ የሞት ሎሌ ነው። ባንሺ ግን የሐዘንተኛው ወገን ናት። ምስሏም በአየርላንድ ለቅሶ ቤት እየተጠሩ ያለቅሱ ከነበሩ ሴቶች ጋር ይዛመዳል። ቤተ ክርስቲያን ያወገዘችው ይህ ልማድ እየከሰመ ሲሄድ፣ አልቃሿ በአፈታሪክ ውስጥ ቀርታለች።

ስለዚህ ተርጓሚዎቻችን «ባንሺ»ን «ጋኔን» ቢሏት ሐዘኗን ወደ ክፋት ይለውጡታል። «አልቃሽ» የሚለው ቃላችን ይቀርባታል፤ ልዩነቱ የእኛዋ ሙሾ የምታወርደው ከሞት በኋላ፣ ያችኛዋ ግን ከሞት በፊት መሆኑ ነው።