ባለ ብዙ ሙያው ከያኒና ሥራ ሰጪው

በአንድ ሰው ዘንድ ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ግጥም ተባብረው ሲገኙ ሕዝብ ያደንቃል፤ ሥራ ሰጪው ግን ይጠራጠራል። ሐውልት ለማሠራት የተነሣ መሥሪያ ቤት የሚሻው ሐውልት አሳምሮ የሚቀርጽ እጅ ነው። በማመልከቻው ላይ የሙያዎቹ ዝርዝር በረዘመ ቁጥር ሰውዬው የትኛውን አጥብቆ እንደያዘ መጠየቁ አይቀርም። ባለ ብዙ ተሰጥኦው ከያኒ ራሱን ለሥራ ሰጪ የሚያስተዋውቅበት መንገድ የሥራውን መልክ ጭምር የሚወስን በመሆኑ፣ ሂስ በቸልታ ሊያልፈው የሚገባ ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ረገድ የአፈወርቅ ተክሌን ያህል አስተማሪ ምሳሌ በኢትዮጵያ ማግኘት ያዳግታል። አፈወርቅ በለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሥዕል ጋር ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንፃን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽን ካሳየ በኋላ ባገኘው ምስጋና ተደላድሎ አልተቀመጠም፤ ወደ አውሮፓ ተመልሶ የባለቀለም መስታወት ሥራን አጠና፤ በዚያ የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የሠራቸው ሥራዎችና እ.ኤ.አ. በ2020 እስከፈረሰ ድረስ በሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት የዚህ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀው የአፍሪካ አዳራሽ መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የአህጉሪቱን ያለፈ ዘመን፣ ትግልና ተስፋም በሦስት ክፍል ያሳያል። ሙያዎቹ እዚህ ላይ በዝርዝር አልቀረቡም፤ በአንድ ሥራ ውስጥ ተዋሕደዋል። የሰዎቹ አካል የቀራጺ እጅ የነካው ይመስል ክብደት አለው፤ መስመሩ የሕንፃውን ከፍታ ይከተላል፤ ቀለሙ የብራናውን ድፍረት አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት የተሰበሰቡት መሪዎች በዚሁ ሕንፃ ተገናኙ። ለሠሪው ከዚህ የተሻለ የምስክር ወረቀት ከየት ይመጣል?

ራሱ የነደፈው ቪላ አልፋም መኖሪያ፣ የሥራ ክፍልና የሥዕል ማሳያ ነበር። ወደዚያ የገባ እንግዳ ባለቤቱ ምን ምን እንደሚችል መጠየቅ አያሻውም፤ የቆመው በመልሱ ውስጥ ነውና። ሆኖም ይኸው ስልት ዋጋ አስከፍሏል። በርካታ ሥራዎች በሠሪያቸው ቤት በመቆየታቸው ሰፊው ሕዝብ ሊያያቸው የሚችለው በአንድ በር በኩል ብቻ ሆነ። ከስሙ በፊት የሚደረደረው ረጅም ማዕረግም፣ ቢገባው እንኳ፣ የተመልካቹን ዓይን ከሥራው ወደ ሰውዬው ሳይስብ አልቀረም። ይብሱን ከእርሱ በኋላ ከመጡት አንዳንዶቹ ካባውን ወስደው መስታወቱን ተዉት፤ አንድም ሥራ ሳያጠናቅቁ አምስት ሙያ የታተመበት ካርድ የሚያድሉ ታዩ።

የሥነ ጥበብ መምህሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሌላውን ጫፍ ያሳያል። በረቂቅ ሥዕሉም በግጥሙም አዲስ መንገድ የከፈተው ይህ ከያኒ አንዱን ሙያ የሌላው አዋጅ ነጋሪ አላደረገውም። ይህ ጭምትነት ክብር አለው፤ ጉዳትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በስደት ሳለ አረፈ፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ተሰብስበው ለአንባቢ የደረሱት ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይተው ነው።