በመዝገብ ያልገባው ገበሬ
በሰሜን ሸዋ ስለ ወረርሽኝ ዘመን ርዳታ የቀረበ ሂስ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው፥ መንግሥት በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ለገበሬው የሰጠውን ርዳታ ነው። ርዳታው የሚያስመሰግን መሆኑን ከመጀመሪያው እንቀበላለን፤ ነገር ግን ምስጋናው ከልኩ አልፎ ሲነገር ስለ ሰማን፥ ልኩን ማመልከት የተማሪ ተግባር ሆኖ ታየን።

በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በገጠር መንግሥት የተጠቀመበት ዋናው መሣሪያ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሰው በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ በዓመት ለስድስት ወር ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይሰጠዋል። ወረርሽኙ ሲመጣ ተሰብስቦ የመሥራቱ ግዴታ ተነሥቶ ክፍያው እንዲቀጥል ተደረገ። ይህ አስተዋይነት ነው፤ ሌላ ስም አንሰጠውም።

ክብሮም ዓባይና የሥራ ጓደኞቻቸው በ2012 ዓ.ም. በስልክ ጠይቀው ባቀረቡት ጥናት የምግብ እጥረት የገጠማቸው ቤተ ሰቦች ብዛት በ11.7 የመቶ ነጥብ ሲጨምር፥ በፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ዘንድ የጨመረው በ2.4 ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። ቍጥሩን አንጠራጠርም። ሆኖም በስልክ የተጠየቀው ስልክ ያለው ነው፤ ስልክ የሌለው ባላገር ምን እንደ በላ ጥናቱ ሊነግረን አይችልም። ደግሞም በዋናው የተለካው የማእዱ ጕድለት ነው፤ ማእዱን ለመሙላት ከበረት ምን እንደ ወጣ ሌላ ጥያቄ ነው።

ዋናው ነቀፌታችን ግን በጥናቱ ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው። በመመሪያው መሠረት በመዝገብ በዋናነት የሚገባው ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የምግብ እጥረት የደረሰበት ቤተ ሰብ ነው። እንግዲህ መዝገቡ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። ድህነቱ የቆየውን የመንዝን ገበሬ ያውቀዋል፤ ትናንት ደኅና የነበረውን ግን ቶሎ አያውቀውም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ወተት የሚሸጠውን ሰው እንውሰድ። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ፈላጊ እንደሚያጣ ስለሚያውቅ ፋሲካን ተስፋ አድርጎ ይቈያል። በ2012 ዓ.ም. ግን ፋሲካ የደረሰው መኪና በግማሽ ሰው እንዲጓዝ በታዘዘበት፥ ሆቴሉም በቀዘቀዘበት ጊዜ ነው። ላሚቱ መኖ ትፈልጋለች፤ ወረርሽኝ ነው ብላ አትጾምም። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ገበያ ወርዳ የምትነግድ እናትም እንደዚሁ ናት። ሁለቱም በመመሪያው ዓይን ደኆች አይደሉም። ላሚቱ ከተሸጠች በኋላ ግን ደኆች ይሆናሉ።

አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሰየሙት ዘመን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፥ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። ምኒልክ እህል አከፋፈሉ፤ በሬ ያጣው ሰው በዶማ እንዲቈፍር ራሳቸው ዶማ ይዘው አሳዩ። አንዳንዶች ይህን ለታይታ የተደረገ ይሉታል፤ እኛ ግን በዚህ ድርጊት የምናየው ንጉሡ ረኃቡን ከእርሻው ለይተው አለማየታቸውን ነው። እህሉ ለዛሬ ነበር፤ ዶማው ለከርሞ። የ2012ቱ ክፍያ ለዛሬው ደረሰ፤ ለከርሞው ግን ገበሬውን ብቻውን ተወው።

ፕሮግራሙ ለድንገተኛ ችግር የሚሆን መጠባበቂያ ገንዘብ አለው። ነገር ግን በዋናው የታሰበው ለድርቅ ነው። ዝናብ ሳይቀር ገበያ ሲቀር ይህን ገንዘብ ማን እንዲከፍተው ነው የታሰበው? ጎረቤቱ ላሙን ገበያ ሲነዳ በዓይኑ የሚያየው የቀበሌው ኮሚቴ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ስም እንዲጨምር፥ ለጥቂት ወራት ብቻም ቢሆን፥ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል እንላለን።