ለጆሮ የሚበቃ፣ ለአፍ የሚያንስ
ሂሳዊ ዳሰሳ፦ ባለ ሁለት ቀዳዳው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ

አውራ ጣት የሚያክል የፕላስቲክ ሳጥን ነው። በአንድ ጫፉ የዩኤስቢ መሰኪያ፣ በሌላው ጫፉ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አረንጓዴው የማዳመጫ፣ ሮዙ የማይክ። የኮምፒውተር ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ከፍላሽና ከቻርጀር ጎን ተሰቅሎ አይጠፋም፤ በውጭ ገበያ ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ነው። የላፕቶፑ ጃክ የተበላሸበት ተማሪ፣ በዙም የሚያስተምር መምህር፣ የዩቲዩብ ቻናል ሊከፍት ያሰበ ወጣት ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ ችግሩን ለመፍታት ሲነሳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚህ ዕቃ ላይ ነው። ገዢው ብዙ ሆኖ ሳለ ስለ ዕቃው የሚባለው ግን «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ከማለት አያልፍም። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ልዩነቱ ያለው ካርዱ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደተፈተነ ላይ ነው። በእኔ ግምገማ ካርዱ ለጆሮ ይበቃል፣ ለአፍ ያንሳል። አሳሳቢው ነገር ብዙ ሰው የሚገዛው ለአፉ ብሎ መሆኑ ነው።

ሥራው ሁለት ነው። ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ቁጥር ማዳመጫ ወደሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክ ይቀይራል፤ ከማይኩ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ደግሞ መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በብዙዎቹ ርካሽ ካርዶች ውስጥ ይህን የሚሠራው ሲ-ሚዲያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ሲኤም108 ቺፕ ወይም የእሱ ዘመድ ነው። ቺፑ በ16 ቢት፣ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ናሙና ይሠራል። 16 ቢትና 44,100 ናሙና ለዓመታት ሙዚቃ ስንሰማበት የኖርነው የሲዲ ልክ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚግባባው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የዩኤስቢ ኦዲዮ ስምምነት መሠረት ስለሆነ ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊኑክስም ድራይቨር ሳይጫንላቸው ያውቁታል። አንድሮይድ ስልኮችም ከ5.0 ጀምሮ ይቀበሉታል። ሰክቶ መጠቀም ነው፤ ከዕቃው ምስጋናዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ለአረንጓዴው ቀዳዳ ይገባል። በላፕቶፕ ውስጥ የድምፁ ክፍል ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ማከፋፈያው ጋር በአንድ ቦርድ ላይ ተጨናንቆ ነው የሚውለው። ማውዝ ሲንቀሳቀስ ወይም ፋይል ሲገለበጥ በማዳመጫው ውስጥ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። ካርዱ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የመቀየሩን ሥራ ከዚያ ግርግር አውጥቶ ውጭ ላይ ስለሚያከናውነው ይህ ዝዝታ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ከስልክ ጋር የሚመጡትንና 32 ኦም አካባቢ ያሉትን የተለመዱ ማዳመጫዎች ያለ ችግር ያንቀሳቅሳል። ለትምህርት፣ ለስብሰባ፣ ለፊልምና ለዘወትር ሙዚቃ ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ጆሮ ብዙ አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራበት የ250 ኦሙ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ዓይነት ማዳመጫ ሲሰካበት ግን ጉልበቱ ያልቅበታል፤ ድምፁ መቶ በመቶ ተከፍቶም ይቀጥናል።

በአንዳንዶቹ ካርዶች ላይ ያሉት የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች ካርዱ የራሱ ማጉያ መቆጣጠሪያ ያለው ያስመስሉታል። የሚያደርጉት ግን ኪቦርድ ላይ ካለው የድምፅ ቁልፍ አይለይም፦ «ጨምር» ወይም «ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ለኮምፒውተሩ ይልካሉ። ከዚህ ይልቅ ማንም የማያስተዋውቀው፣ ጠቃሚ ግን የሆነ ነገር በቺፑ ውስጥ አለ፤ የማይኩን ድምፅ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሳያደርስ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አድርጎ የሚያነብ ወይም የሚያዜም ሰው ድምፁን ያለ መዘግየት ይሰማበታል። ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ስለሚመጣ በድምፅ ማስተካከያው ገጽ ገብቶ መክፈት ያስፈልጋል።

ወደ ሮዙ ቀዳዳ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የመጀመሪያው እንከን ኤጂሲ የሚባለው፣ የማይኩን ድምፅ በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሥርዓት ነው። አንዲት መምህርት ጥያቄ ጠይቃ መልስ እየጠበቀች ነው እንበል። እሷ ዝም ስትል ካርዱ ዝምታውን እንደ ደካማ ንግግር ይቆጥረውና ማጉላት ይጀምራል። የላፕቶፑ ማራገቢያ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የመንገዱ ጥሩምባ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይመጣሉ። መልሳ ስትናገር የመጀመሪያዋ ቃል ጮኻ ትፈነዳለች፤ የሚቀጥሉት ወዲያው ይዋጣሉ። አማርኛችን ደግሞ «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ቅ» በመሳሰሉ ድንገት በሚፈነዱ ድምፆች የተሞላ ነው። ማጉያው ተነስቶ ባለበት ቅጽበት «ጥያቄ» ብሎ የጀመረ ሰው ቃሉ ተሰንጥቆ ይቀዳበታል። መፍትሔው በዊንዶውስ የማይኩን ባሕርያት ከፍቶ ኤጂሲ ላይ ያለውን ምልክት ማንሳት ነው፤ በሊኑክስም አልሳሚክሰር በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል። ይህን ሳያስተካክል ስለ ካርዱ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ያልተሟላ ነው።

ኤጂሲው ሲጠፋ ሁለተኛው እንከን ይገለጣል። የካርዱ የማይክ ማጉያ ደካማ ነው፤ ድምፁን ለማሳደግ ሲገፋ የራሱን «ሽሽሽ» ይዞ ይነሳል። በየመድረኩ የምናየው የሹር ኤስኤም58 ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ በቅርበት ሲናገሩበት የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ እዚህ ቀዳዳ ላይ ቢሰካ የሚሰማው ከሩቅ የሚመጣ ሹክሹክታና ብዙ ሽሽታ ነው። የስቱዲዮ ኮንደንሰር ማይክ ደግሞ 48 ቮልት ይፈልጋል። ይህ ቀዳዳ የሚሰጠው ለአነስተኛ ኤሌክትሬት ማይክ የሚበቃ ጥቂት ቮልት ነው። ትልቅና ግርማ ያለው ማይክ ገዝቶ በመቀየሪያ ኬብል እዚህ ላይ መሰካት ለማይኩ የወጣውን ገንዘብ መጣል ነው።

ሦስተኛው እንከን የማይኩ መግቢያ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው ንግግር ይህ ጉዳት የለውም፤ ኦዳሲቲ የተባለውን የመቅጃ ፕሮግራም በሞኖ አስተካክሎ መቅዳት ነው። ክራርና ድምፅን በሁለት ማይክ ለይቶ መቅዳት የሚፈልግ ግን ሌላ ዕቃ ይፈልግ።

ታዲያ ከምን ጋር ይስማማል? ከትንሽ የደረት ማይክ ጋር። ለምሳሌ ቦያ ቢዋይ-ኤም1 የ6 ሜትር ገመድ፣ ኤልአር44 ባትሪና የስልክና የካሜራ መምረጫ ማብሪያ አለው። ከካርዱ ጋር ሲሠራ ባትሪው ገብቶ ማብሪያው ወደ «ካሜራ» መዞር አለበት። ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ከተሰካና ክፍሉ ጸጥ ካለ፣ ለትምህርትና ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ጥርት ያለ ድምፅ ይወጣል። አፍና ማይክ ሲቀራረቡ ማጉያው ብዙ እንዲደክም አይገደድም።

ዕቃው «አይሠራም» ተብሎ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች አንዱ የጃኩ ዓይነት ነው። የማዳመጫውን ጫፍ አቅርቦ ማየት ያስፈልጋል። ጥቁሮቹ ቀለበቶች ሁለት ከሆኑ ጃኩ የማዳመጫ ብቻ ወይም የማይክ ብቻ ነው፤ ከካርዱ ቀዳዳ ጋር ይስማማል። ሦስት ከሆኑ ማዳመጫና ማይክ በአንድ ላይ የያዘ የስልክ ጃክ ነው። ይህ አረንጓዴው ላይ ሲሰካ ድምፅ ይሰማል፣ ማይኩ ግን ዝም ይላል። አንዱን ጃክ ለሁለት የሚከፍል ትንሽ ኬብል ይፈታዋል። ሌላው ምክንያት ፕሮግራሙ የላፕቶፑን የራሱን ማይክ ይዞ መቅረቱ ነው። በጣት ማይኩን ቀስ ብሎ መታ መታ ሲያደርጉ በስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ካልዘለለ ሌላ ማይክ ነው እየሰማ ያለው።

እስካሁን የተነሱት እንከኖች ከዋጋው ጋር ሲመዘኑ ይቅር የሚባሉ ናቸው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው «7.1 ቻናል» ግን ይቅር አይባልም። 7.1 ማለት ሰባት ስፒከርና አንድ የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ በድምሩ ስምንት የተለያየ የድምፅ መስመር ነው። ይህ ካርድ ያለው አንድ የማዳመጫ ቀዳዳ ሲሆን ከሱም የሚወጣው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላይ «ባለ ስምንት ክፍል» ብሎ እንደመለጠፍ ነው። አንዳንዱ «ቨርቹዋል» የምትል ቃል በትንሹ ይጨምርበታል፤ ድምፁ ከዙሪያ የሚመጣ እንዲመስል በሶፍትዌር የሚሠራ ዘዴ ለማለት ነው። ሶፍትዌሩ ካልተጫነ ዘዴውም የለም፤ ሲጫንም ሙዚቃውን ያደበዝዘዋል። አምራቾቹ «ሁለት ቻናል፣ ጥሩ ስቴሪዮ» ብለው ቢጽፉ ዕቃው ባላፈረ ነበር።

ሌላው ያለ አግባብ የሚጠበቅበት ነገር የቻርጀር እምታን ማጥፋት ነው። ካርዱ ከዩኤስቢው 5 ቮልት ይወስዳል፣ ከላፕቶፑም ጋር በዚያው ሽቦ ይያያዛል። ስለዚህ ከቻርጀሩ ወይም ጥሩ ግራውንድ ከሌለው የቤት መስመር የሚመጣ «እምምም» ካርዱንም ተከትሎ ሊገባ ይችላል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ጥቂት ሰከንድ መቅዳት። እምታው ከጠፋ አዲስ ካርድ ከመግዛት በፊት ቻርጀሩንና ሶኬቱን መፈተሽ ይሻላል።

ከተፎካካሪዎቹ ጋር ስናስተያየው ቦታው ይበልጥ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሸጠው የአፕል ከዩኤስቢ-ሲ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር መቀየሪያ በ9 ዶላር ዋጋ የወጣ ሲሆን እስከ 24 ቢትና 48 ኪሎኸርዝ ይሠራል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ይበልጠዋል፣ የስልክ ጃክም ያለ መክፈያ ኬብል ይቀበላል። ከውጭ በዘመድ የሚያስመጣ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ለአውሮፓ የሚሸጠው ከአሜሪካው ያነሰ የድምፅ ጉልበት ነው ያለው፤ በአንዳንድ አንድሮይድ ስልኮችም ድምፁ ዝቅ ይላል። በላይኛው ጫፍ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎን የመሰለ የድምፅ መቅጃ ኢንተርፌስ አለ። እውነተኛ የማይክ ማጉያና 48 ቮልት ስላለው ሮዙ ቀዳዳ ያቃተውን ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከትንሹ ካርድ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው። የላፕቶፑ ጃክ ለተበላሸበት፣ በማዳመጫው ዝዝታ ለሚረበሽ፣ በደረት ማይክ ለሚያስተምርና ለሚሰበሰብ ሰው ይህ ካርድ ከዋጋው በላይ ያገለግላል፤ ሳያመነታ ይግዛ። ሙዚቃ ለሚቀዳ፣ መጽሐፍ ለሚተርክ፣ የመድረክ ወይም የስቱዲዮ ማይክ ላለው ሰው ግን ቁጠባው የውሸት ነው፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ ኢንተርፌስ ይግዛ። የሚገዛም ሰው 7.1 የሚለውን ጽሑፍ ትቶ የማዳመጫውን ቀለበት ይቁጠር፣ ኤጂሲውን ያጥፋ፣ ካርዱ የላፕቶፑን ቀዳዳ እየጎተተ እንዳይሰብረውም በአጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ይጠቀም።