የዛገን ብሎን ስለ መፍታት

«ጋሼ፣ አንድ የዛገ ብሎን ለመፍታት ቀኑን ሙሉ ከምንደክም፣ በግራይንደር ቆርጠን ብንጥለውና አዲስ ብንገዛ ምን ይጎድልብናል?» ብሎ ከሙያ ማሠልጠኛ ወጥቶ በቅርቡ ወደ እኔ የመጣ አንድ ወጣት ጠየቀኝ። ጥያቄው በቅንነት የቀረበ ነውና በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል፤ ይልቁንም ይህንኑ አሳብ እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ትምህርት አድርገው የሚናገሩ፣ አሮጌ መኪና በገባ በወሩ አብለጭልጨው የሚያስወጡ የሙያ ባልደረቦች እየበዙ ስለ ሄዱ፣ መልሱን ለአንድ ደቀ መዝሙር በቃል ነግሮ ከመተው በጽሑፍ ማኖሩ ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ የተነሣው በአንዲት ባለ 109 ኢንች ላንድሮቨር ሥር ተኝተን ሳለ ነው። መኪናዪቱ ሲሪስ 2ኤ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ከተሠራው ወገን ናት። ባለቤቷ የነበሩት የመሬት ቀያሽ ካረፉ በኋላ ከግቢያቸው ጥግ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁባት፣ ዶሮ በመቀመጫዋ ላይ ዕንቁላል ስትጥልባት፣ ልጃቸውም «ለመስቀል»፣ «ለፋሲካ» እያለ ቀጠሮ ሲያሻግር ብዙ ዘመን አለፈ፤ በመጨረሻ ልቡ ቆረጠና በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣልኝ። ስለ ሞተሯ ብዙ አልናገርም፤ ያ ባለ 2286 ሴንቲ ሜትር ኩብ የቤንዚን ሞተር ካርቡራቶሩ ታጥቦ፣ ካንዴላው ተለውጦ፣ ቤንዚን ከጠርሙስ ሲሰጠው መነሣቱ ለሙያው ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም። የሥራው ድካም ያለው ከሥር ነው።

የላንድሮቨር ብሎን ከሌላ መኪና ብሎን ይልቅ ስለ ምን እንደሚጠና ለማወቅ ወደ ጥንተ አፈጣጠሯ መመለስ ያስፈልጋል። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ይህችን መኪና ባሰበበት በድኅረ ጦርነቱ ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር ብረት በመንግሥት ድልድል ብቻ የሚገኝ ሲሆን አሉሚኒየም ግን እንደ ልብ ነበረ፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ የታየችው ላንድሮቨር ልብሷ በርማብራይት ከሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲዋ ደግሞ ከብረት ሆኖ ተሠራ። ሁለቱ ማዕድናት ተነካክተው በመካከላቸው እርጥበት ሲገባ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ በዚህም ምክንያት አሉሚኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት እየተለወጠ ይበላል፣ ዱቄቱም ያብጥና ብሎኑን በቀዳዳው ውስጥ አንቆ ይይዘዋል። ሻንሲው ደግሞ ከአራት ገጽ ብረት ተበይዶ ውስጡ ክፍት የሆነ ሣጥን ነው፤ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ የክረምቱን ውኃ ይዞ ያድራልና፣ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስለው ብረት ከውስጥ አልቆ ይገኛል። ይህንን አይተው ሳይመረምሩ በላዩ ስቱኮና ቀለም የሚያለብሱ ሰዎች ሥራቸው ምን እንደሚባል እነርሱው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። ቆርጠን ብንጥለው የሚጎድልብን የመጀመሪያው ነገር ጥርሱ ነው። ወጣቱ በትምህርት ቤት የተማረው የሚሊሜትር ብሎን ብቻ ነው፤ ይህችን መኪና የሠሩት ሰዎች ግን ሥራቸው ሁሉ በኢንች ነበር፤ በዚያም ላይ ከጥንታዊው የእንግሊዝ ጥርስ ወደ አዲሱ የጋራ ጥርስ የተሻገሩት ቀስ በቀስ ስለ ሆነ፣ በአንዲት መኪና ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው ይገኛሉ። ነገሩን በአንድ መጠን ላሳይ፦ የኢንች 5/16 ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ለዓይን እኩያው ይመስላል። ሆኖም በአሮጌው የእንግሊዝ ሥርዓት በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 22 ጥርስ፣ በኋለኛው 24 ጥርስ ሲኖር፣ ተራው የ8 ሚሊሜትር ብሎን ግን ከ20 ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ የጥርሱም አንግል በአሮጌው 55፣ በኋለኞቹ ሁለቱ 60 ዲግሪ ነው። ያልተማረ እጅ የቆረጠውን ጥሎ ከሱቅ ያመጣውን ባለ 8 ሲያስገባ ሁለት ዙር በእጅ ይሄድለታል፤ ከዚያ ወዲያ ይጠብቃል፤ እርሱም መጥበቁን እንደ መልካም ምልክት ይቈጥረዋል። መጥበቁ ግን የጥርሱ መፋቅ ነው። የተፋቀ ጥርስ ላይ የታሰረ ክፍል በኮረኮንች መንገድ ይላላል፤ የላላውንም እንደገና ሲያጠብቁት የቀረው ጥርስ አብሮ ይወጣል። አንድ ብሎን ለመፍታት የተነፈገው ትዕግሥት በዚህ መንገድ ሙሉውን የካምቢዮ ቤት ያበላሻል።

መፍቻውም እንዲሁ ነው። የአሮጌው 5/16 ብሎን ራስ ከገጽ እስከ ገጽ 13.3 ሚሊሜትር ያህል ነውና 13 ቁጥር አይገባለትም፤ 14 ቁጥር ደግሞ ይንሸራተትበታል። ብሎን ዛገ፣ አልፈታም አለ ብለው ግራይንደር የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠማቸው የዝገት ጥንካሬ ሳይሆን የመፍቻ ስሕተት መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ማዕዘኑ የተላጨውን ብሎን አንሥተው «ይኸው፣ አላልንም?» ሲሉ የላጩት እነርሱ መሆናቸውን አያስቡትም።

አፈታቱን እንዲህ እናደርገዋለን። ከዳዶው ውጭ የቀረው ጥርስ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ይጸዳል፤ ይህ ካልተደረገ ዳዶው በራሱ ጥርስ ላይ ያለውን ዝገት እየገፋ ይሄድና መንገድ ላይ ይታነቃል። ከዚያ ነጭ ጋዝና የሞተር ዘይት ተቀላቅሎ ይፈስበትና ያድራል። በማግስቱ የዳዶው ጎን በትንሽ መዶሻ፣ በሌላው ጎን ከባድ ብረት ተደግፎለት፣ ዙሪያውን ይመታል፤ ምቱ ብርቱ መሆን የለበትም፣ ብዙ መሆን አለበት፤ የዝገቱ ቅርፊት የሚሰነጠቀው በመንቀጥቀጥ ነውና። ይህ ሁሉ ካልበቃው ወደ እሳት እንሄዳለን፤ የቤንዚን ታንኩ አስቀድሞ ወርዶ ከጋራዡ መውጣቱን፣ በአጠገቡም አሉሚኒየም አለመኖሩን እናረጋግጣለን፤ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ ሳያስጠነቅቅ ቀልጦ ይወርዳል። የሚሞቀው ዳዶው እንጂ ብሎኑ አይደለም። ባለ 20 ሚሊሜትር የብረት ዳዶ ሙቀቱ 400 ዲግሪ ሲጨምር የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይሰፋል፤ ይህች ጥቂት የምትመስል ክፍተት ግን የዝገቱን ትስስር ለመፍታት ትበቃለች። እሳቱ እንደ ራቀ፣ ብረቱ መቅላቱን ትቶ ገና ትኩስ ሳለ፣ ጧፍ አስጠጋበታለሁ፤ ንጹሑ የንብ ሰም ቀልጦ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ወደ ጥርሱ ውስጥ ሲሳብ በዓይን ይታያል። ከዘይት ሁሉ ይልቅ ሰም ይገባል፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእጅ ነገር ነው። መፍቻው መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ወገን ጥቂት ይገፋል፤ ቀጥሎ ወደ መፍቻው ወገን፤ እንደገና መለስ፤ እንደገና ወደ ፊት። በዚህ ጊዜ ዓይን ምንም አይጠቅምም። ብሎኑ ሊፈታ ሲል ጠጠር ያለ ድምፅ ይሰጥና መፍቻው በአንድ ጊዜ ጥቂት ይዘላል፤ ሊሰበር ሲል ግን ድምፅ የለውም፣ መፍቻው በዝግታ እየለሰለሰ ይከተላል። ያ ልስላሴ የብረቱ መጠምዘዝ ነውና እጅ ወዲያው መቆም፣ ሰውም ወደ ሰሙ መመለስ አለበት። ወጣቱን ከሥር አስተኝቼ፣ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ፣ የኋላውን የባሌስትራ ብሎን ያስፈታሁት ይህንን ልዩነት በቃል ማስረዳት ስለማይቻል ነው። እነዚያ የባሌስትራ ብሎኖች ከሁሉ የከፉ ናቸው፤ በቦካላው የብረት ቱቦ ውስጥ ርዝመታቸውን ሁሉ ይዝጋሉ፤ በዚያም ላይ ከሁለቱ የብረት ጆሮዎች የውስጠኛው ራሱ ጥርስ የወጣለት በመሆኑ ዳዶውን ብቻ አውልቆ በመዶሻ የሚመታ ሰው የጆሮውን ጥርስ ይፈጀዋል።

ተቃዋሚዎቼ የጊዜንና የገንዘብን ነገር ያነሣሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ሰሞን በጋራዤ ቆሞ፣ ባለቤቱ የሚፈልገው የሚሄድ መኪና እንጂ የብሎን ቤተ መዘክር አይደለም፤ የድሮውን ሞተር አውጥተህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ብትጭንበት፣ የተረፈውን ብትቆርጥና ብትበይድ በሩብ ዋጋ ታስረክበዋለህ፣ አለኝ። የወለል ሳንቃዎቹን ትንንሽ ብሎኖች እኔም እቆርጣለሁ፤ ጥርሳቸው ከሌላ ነገር ጋር አልተያያዘምና ማንንም አይጎዳም። የቀረውን ግን አልቀበለውም። በጥንቃቄ የተፈታ ክፍል ሁለተኛ ጊዜ በቀላሉ ይፈታል፤ ተቆርጦ የተበየደ ክፍል ለሚቀጥለው ሠራተኛ የተተወ ዕዳ ነው፤ በኢንች የተሠራው ብሎንም በሶማሌ ተራም ሆነ በምናለሽ ተራ ቢፈለግ እየጠፋ በሚሄድበት ዘመን፣ ታጥቦ ተቀብቶ ሊመለስ የሚችለውን ወደ ቁርጥራጭ መጣል ከንቱ ብኩንነት ነው።

ከዚህም ሌላ ምክንያት አለኝ፤ እርሱም ከሁሉ ይበልጥብኛል። በሙሉ የተፈታ ብሎን ቀድሞ ማን እንደነካው ይመሰክራል። በዚችው መኪና ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ስናወርድ፣ የሚገጣጠሙት ሁለት ገጾች በዝገቱ ሥር ትይዩ የሆኑ ሁለት ሁለት የቡሊኖ ነጥቦች ነበሩባቸው፤ ዘንጉ በነበረበት አኳኋን እንዲመለስና እንዳይንቀጠቀጥ፣ ከእኛ አስቀድሞ የነበረ አንድ አስተዋይ ሠራተኛ ያኖራቸው ምልክቶች ናቸው። እኛም በዚያው ምልክት መለስነው። የባትሪው ማሰሪያ ብሎን ሲወጣ ደግሞ በሮንዴላ ፋንታ በቢላ ተቈርጦ የተበሳ ቍራጭ ጠፍር አገኘን፤ በአንድ ጠርዙ የስፌት ቀዳዳዎች ተርታ ነበሩበት። ለቀያሹ ልጅ ባሳየሁት ጊዜ አገላብጦ አየና፣ የአባቱ ቴዎዶላይት ማኅደር ማንገቻ በአንድ ወገን አጭር የሆነው ስለ ምን እንደሆነ አሁን ገና ማወቁን ነገረኝ። አባቱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ በዚህች መኪና ብዙ ጊዜ ይመላለሱበት ነበር፤ ከቍልቍለቱ በአንደኛው ባትሪው ቢላላባቸው ከማንገቻው ቈርጠው አሥረውት ሄደዋል። ግራይንደር ቢነካው ያ ጠፍር ጭስ ሆኖ ይቀር ነበር። ልጁ ወደነበረበት እንድመልሰው ለመነኝ፤ መለስሁት።

እኔ የብረት ሰው ከመሆኔ በፊት የደጓሽ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ድጕሱ የፈረሰ ዳዊት ወይም ግብረ ሕማማት ሲመጣለት አሮጌውን ክር በመቀስ አይቈርጠውም ነበር፤ በወስፌ ጫፍ ከየቀዳዳው እያላላ፣ የቀደመው ደጓሽ ክሩን በየትኛው ቀዳዳ አስገብቶ በየትኛው እንዳወጣው እየተከተለ ይፈታው ነበር። ቤታችን ጠባብ ስለነበረ ሥራውን የሚሠራው በደጅ፣ በፀሐይ ላይ ነው፤ እኔም ጥራዞቹን በቅደም ተከተል እንድደረድር እታዘዝ ነበር። በኋላ ጋራዥ ስገባ አዘነልኝ እንጂ ደስ አላለውም፤ የመጽሐፍን ነገር ትቼ ወደ ጥቀርሻ መሄዴ ከበደው። አንድ ቀን ግን ሊጠይቀኝ መጥቶ የተበተነ ካምቢዮ ስገጣጥም አገኘኝ፤ ብሎኖቹ እንደ የቦታቸው በወተት ጣሳዎች ተለይተው፣ ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው በቅደም ተከተል ተሰልፈው ነበር። ከጣሳው አንዱን አንሥቶ ጥርሱን በጥፍሩ ሄደበት፤ ከዚያም በርጩማ ስቦ እስኪመሽ ድረስ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ሙያዬ ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ይህንን የምጽፈው፣ ይህ ልማድ ከገንዘብ ይልቅ ለእኔ ምን እንደሆነልኝ ወጣቱ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

የቀያሹ ላንድሮቨር አሁን በእግሯ ቆማለች። የኋላው የሻንሲ ተሻጋሪ ብረት በአዲስ ተተክቷል፤ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው የሚለየው የብረት ግድግዳ እግሮቹ ገና ይቀሩታል፤ ቀለሟን የምናስበው ከእነዚህ በኋላ ነው። ወጣቱ የፊተኛውን ቀኝ ባሌስትራ ብቻውን ፈትቶ አንድም ብሎን አልሰበረም። እኔም የሙያ ትምህርት ለሚሰጡ ሁሉ የማቀርበው ልመና አለኝ፤ በኢንች የሚሠሩ መፍቻዎችና የጥርስ ማውጫዎች ከአሮጌ ጋራዦች ገና ሳይጠፉ፣ የሚያውቋቸውም አረጋውያን ገና በሕይወት ሳሉ፣ ተማሪው ከሚሊሜትሩ ጋር አብሮ እንዲማራቸው ይደረግ። ለዚህ ሥራ የሚመጣ ተማሪ ካለ የእኔ መሣሪያዎች በቦታቸው አሉ፤ ጧፉንም እኔ እገዛለሁ።