አንደኛውን ዲስክ ንቀሉት

ሁለት ዲስክ በሊኑክስ ሶፍትዌር ሬይድ አጣምሮ ሲስተሙን እላዩ ላይ መጫን ዛሬ ማንንም አያዳግትም፤ ፓርቲሽን አከፋፈሉን አልደግመውም። የሚያናድደኝ ርክክቡ ነው። ባለሙያው የሬይዱን ሁኔታ የሚያሳየውን የኤምዲስታት ፋይል ይከፍታል፣ ሁለት «ዩ» ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ደንበኛው ያመሰግናል፣ ተለማማጁም «ጥሩ ሥራ» ይላል። ሁለቱ «ዩ» ግን የሚመሰክሩት ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ሁለቱም ዲስኮች በሥራ ላይ መሆናቸውን ብቻ ነው። ማሽኑ ሲበራ ሬይዱ ገና አልተገጣጠመም። ፋየርዌሩ ከአንድ ዲስክ ላይ ቡትሎደር ፈልጎ ያስነሳል እንጂ ስለ ሬይዱ የሚያውቀው ነገር የለም። ቡትሎደሩ ግራብ የተጫነው አንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነና የሞተውም እሱ ከሆነ፣ ሁለተኛው ዳታውን ሁሉ አሟልቶ እንደያዘ ማሽኑ አይነሳም። ስለዚህ አንደኛው ተነቅሎ በሁለተኛው፣ ሁለተኛው ተነቅሎ በአንደኛው ሳይነሳ የቀረ ሥራ ጥሩ ሊባል አይገባውም።

በዩኢኤፍአይ ማሽን ጉዳዩ ይብሳል። የማስነሻው ፓርቲሽን ፋየርዌሩ ሊያነበው በሚችለው በፋት መሠራት አለበት። አንዳንዶች እሱንም በሬይድ 1 ያጣምሩታል፤ የሬይዱ መለያ በ1.0 ስሪት መጨረሻው ላይ ስለሚጻፍ ፋየርዌሩ ተራ ፋት መስሎት ያነበዋል (በ1.2 ከመነሻው 4 ኪሎባይት ገባ ብሎ ስለሚጻፍ ይህ አይሆንም)። ብልሃቱ ብልሃት ነው፤ ነገር ግን ፋየርዌሩ ራሱ አንዱ ዲስክ ላይ ቢጽፍ ሊኑክስ ሳያውቅ ሁለቱ ቅጂዎች ይለያያሉ። የሚሻለው በየዲስኩ ለየብቻው የማስነሻ ፓርቲሽን ማድረግና ግራብን ሁለቱም ላይ ማደስ ነው። ኡቡንቱ ከ20.04 ጀምሮ ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቅዳል፤ ይህን ሳይመርጥ የሄደ ባለሙያ ሰበብ የለውም።

«ሰርቨር መቼ ይጠፋና ነው?» የሚል አይጠፋም። መብራት በሚቆራረጥበት አዲስ አበባ ይህ ክርክር ቦታ የለውም፤ ለዓመታት ሲሽከረከር የኖረ ዲስክም አንዴ ከቆመ አልነሳም የሚለው ያኔ ነው። «የሬይድ ካርድ ይገዛ» ለሚሉም፣ እርግጥ ካርዱ ለፋየርዌሩ አንድ ዲስክ ብቻ ስለሚያሳይ ይህን ችግር ይሸፍናል፤ ካርዱ ሲሞት ግን ብዙውን ጊዜ ተመሳሳዩን ማፈላለግ ግድ ነው። የሶፍትዌሩን ሬይድ ሌላ የሊኑክስ ማሽን ይከፍተዋል። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ ሬይድን ባስተዋወቁበት የ1988 የበርክሌይ ጽሑፋቸው የተሟገቱት ለርካሽ ዲስኮች ነበር፤ ኒል ብራውን የጻፈው የሊኑክሱ የሬይድ መሣሪያ ኤምዲአድምም ይኸውን ሐሳብ በተራ ማሽን ያሠራል። አማዞንም በ2001 ወደ ሊኑክስ ዞሮ የቴክኖሎጂ ወጪውን መቀነሱን አስታውቋል። ርካሽ ዕቃ ነውር የለውም፤ ጥንቃቄው ግን ከዕቃው ወደ ሠሪው ይዛወራል።

ፈተናውም የአንድ ቀን አይደለም። የሞተ ዲስክ በአዲስ ሲተካ ሬይዱ የሚገለብጠው በውስጡ ያለውን ብቻ ነው፤ ከሬይዱ ውጭ ያለውን ቡትሎደር አይነካውም። ሁለቱ «ዩ» ተመልሰው ይታያሉ፣ አዲሱ ዲስክ ግን ግራብ ካልተጫነበት ማሽኑን አያስነሳም።